ሻንጣው ከመሬት ሳይነሳ

ጥያቄ፦

«ባለፈው ዓመት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለአምስት ቀን ወደ ውጭ አገር ሄደን ነበር። የደረስነው ሌሊት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ወንድሜ ከአንድ ሾፌር ጋር ዋጋ መነጋገር ሲጀምር፣ "ቆጣሪ ያለው መኪና እያለ መከራከር ምን ያደርጋል?" ብዬ ገሠጽኩትና ቆጣሪ ያለው ታክሲ ውስጥ ገባን። ቆጣሪው እንደ ጉድ ሮጠ። የተጠየቅነውን ከፍለን ሆቴል ስንገባ እንግዳ ተቀባዩ የተለመደውን ሂሳብ ነገረን፤ እጥፍ ያህል ነበር የከፈልነው። በመመለሻችን ዕለት ግን ወንድሜ ከሆቴሉ በር ላይ ከሌላ ሾፌር ጋር ተከራክሮ በግማሽ ዋጋ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰን። ከዚያ ወዲህ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህንን እያነሳ ያስቅብኛል። እርሱን ችዬዋለሁ። አሁን ግን በሚቀጥለው ወር እናቴን ለሕክምና ይዤ ወደ ባንኮክ እሄዳለሁ፤ ወንድሜ አብሮን አይሄድም። እኔ ደግሞ መከራከር አይሆንልኝም፤ ገና ዋጋ ስጠራ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። በቆጣሪ ልሂድ ወይስ እንደምንም ልደራደር? ሰው የማይታለልበት የትኛው ነው?»

ቆጣሪ አማኟ

ምላሽ፦

የተከበሩ ቆጣሪ አማኟ፣

የወንድምዎን ጀብዱ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። በመጀመሪያው ሌሊት ወንድምዎም እንደ እርስዎ ትክክለኛውን ሂሳብ አያውቅም ነበር። ያን ሌሊት እርሱ እንዳለው በድርድር ሄዳችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሾፌሩ መቶ ሲል እርሱ ወደ ሰባ ያወርድና፣ የመንገዱ ዋጋ አርባ መሆኑን ሳያውቅ ደረቱን ነፍቶ ይገባ ነበር። ዛሬም በየቤተ ዘመዱ የሚያወራው «ሠላሳ አስቀነስኩ» እያለ ይሆናል። በመመለሻው ቀን ግን ትክክለኛውን ዋጋ ከእንግዳ ተቀባዩ አፍ ሰምታችኋል፤ አምስት ቀንም በከተማው ከርማችኋል። ስለዚህ ያን ክርክር ያሸነፈው እንግዳ ተቀባዩ ነው፤ ወንድምዎ መልእክቱን አደረሰ እንጂ። ይህንን በሚቀጥለው ስብሰባ በእኔ ስም ይንገሩልኝ።

ለጥያቄዎ ያለኝ መልስም እዚሁ ላይ ነው። ቆጣሪና ድርድር ከሚመስለው በላይ ዘመዳሞች ናቸው። ዋጋውን በግምት እንኳን የሚያውቅ ሰው በሁለቱም ይሄዳል፤ የማያውቅ በሁለቱም ይከፍላል። ማወቂያው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው፤ ሻንጣው ከመሬት ሳይነሳ። ሻንጣዎ መሬት ላይ እያለ እርስዎ ደንበኛ ነዎት፤ መሄድም መተውም ይችላሉ። ሻንጣው መኪናው ውስጥ ገብቶ ከተቆለፈበት በኋላ የሚነሳ ማንኛውም የዋጋ ጥያቄ ለሾፌሩ ያደላል።

ቆጣሪውን በማመንዎ ግን አልወቅስዎትም። መሣሪያው የተፈጠረው እርስዎ ከሚፈሩት ክርክር ሰውን ለማዳን ነው። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ቆጣሪ የሠራው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ጉስታቭ ብሩን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1891። ያኔ ጋሪ የሚጎትተው ገና ፈረስ ነበር። ታክሲ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከቆጣሪው ነው፤ «ታክሲሜትር» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ቃል ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1907 ቆጣሪን በኪራይ መኪኖቿ ላይ ግዴታ አደረገች። እንግዲህ ዛሬ «ታክሲዬ ቆጣሪ የለውም» የሚል ሾፌር ስሙን ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅ አያስቀይምም፤ እርስዎ ግን አይጠይቁት፤ እኔ ልጠይቀው።

ታዲያ ሐቀኛው መሣሪያ እንዴት እጥፍ አስከፈላችሁ? ቆጣሪው ብዙውን ጊዜ አይዋሽም። የሚናገረው ግን ስለሄዳችሁበት መንገድ እንጂ መሄድ ስለነበረባችሁ መንገድ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመነሻ ሂሳብ ይጀምራል፤ መኪናው ሲሮጥ ርቀትን ይቆጥራል፤ ሲያዘግም ወይም ሲቆም ደግሞ ደቂቃን ይቆጥራል። ስለዚህ ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ ቁጥሩ ሲጨምር ቢያዩ ወዲያው «ሌባ!» አይበሉ፤ ሕጉ ነው። መጠርጠር ያለብዎት ሌሎች ሁለት ቦታዎች ናቸው።

አንደኛው ታሪፉ ነው። ብዙ ቆጣሪዎች ከሂሳቡ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቁጥር ያሳያሉ፤ 1 ወይም 2 ወይም ሌላ። ያቺ ቁጥር የትኛው ታሪፍ እንደተከፈተ የምትናገር ናት። አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ሊሆን ይችላል። ትልቁን ታሪፍ ያለ ቦታው መክፈት በአንድ ጣት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ ቁጥር እየሮጠ ከማየት በቀር ምንም አያውቅም። በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው የታክሲ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ እንዳደረገው፣ ከከተማ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ የተፈቀደውን እጥፍ ታሪፍ ከተማው ውስጥ ሲጠቀሙ የተገኙ ሾፌሮች ጥቂት አልነበሩም። እዚያ፣ ደረሰኝና ካሜራ በበዛበት አገር ይህ ከሆነ፣ እናንተ በሌሊት ደርሳችሁ እጥፍ መክፈላችሁ ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም። «እጥፍ ያህል» የሚለውን ቃልዎን ሳነብ ገና ወደ አእምሮዬ የመጣው ያቺ ትንሽ ቁጥር ናት።

የሌሊት ታሪፍ ሁሉ ማታለል ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሞሮኮ ሌሊት በሕጋዊው ቆጣሪ ላይ ግማሽ ያህል ይጨመራል። በቶኪዮ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሃያ በመቶ ይጨመራል፤ ጉርሻ ግን አይጠበቅም፤ በሩንም ሾፌሩ ራሱ ከወንበሩ ሆኖ ስለሚከፍተው እጅዎን መሰብሰብ ነው። በኢስታንቡል በተቃራኒው የቀንና የሌሊት ልዩነት ከቀረ ቆይቷል፤ እዚያ «የሌሊት ነው» ብሎ የሚጨምር ሰው የሚጨምረው ከራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ከጉዞ በፊት ሩብ ሰዓት ማንበብ ይበቃል፤ ሰዎች ግን ሩብ ሰዓቱን የሚያጠፉት ስለ ሻንጣ ክብደት ሲጨነቁ ነው።

ሁለተኛው መጠርጠሪያ መንገዱ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም። በአቴንስ የተካሄደ አንድ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን በ348 የታክሲ ጉዞዎች ላይ አሳፈሩ። አንዳንዱ የከተማው ተወላጅ መስሎ ይገባል፤ አንዳንዱ ግሪካዊ ሆኖ ከተማውን የማያውቅ መሆኑን ያሳያል፤ አንዳንዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ እየተናገረ የውጭ አገር ሰው መሆኑን ያስታውቃል። ከተማውን የማያውቁት በረጅሙ መንገድ ተዞሩ። ታሪፉንም አያውቁም ተብለው የተገመቱት የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ በሌላ ዘዴ፣ ሂሳቡን በማዛባት ተበሉ። የሾፌሮቹ ዘዴ ተሳፋሪው በማያውቀው ነገር ልክ የተቆረጠ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ከተማ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ «ሂሳቡን መሥሪያ ቤቴ ይመልስልኛል» የሚል ቃል ከአፋቸው የጣሉ ተሳፋሪዎች የበለጠ ተጠየቁ። እርስዎ ለሕክምና ነው የሚሄዱት፤ «ወጪውን ሌላ ወገን ነው የሚሸፍነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር፣ እውነት ብትሆንም እንኳን፣ ታክሲ ውስጥ አይናገሯት። ደረሰኝ ግን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ድርድር። «ቆጣሪ እያለ መከራከር ምን ያደርጋል?» የሚለው ሐሳብዎ እዚህ ላይ ይጎዳዎታል። ቆጣሪ የሌላቸው፣ እንዲኖራቸውም የማይጠበቅ ተሽከርካሪዎች በዓለም ሞልተዋል። በማራኬሽ ትንንሾቹ ታክሲዎች ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ከሦስት ሰው ሳይበልጡ፣ በቆጣሪ ይሠራሉ፤ ትልልቆቹ ግን ከከተማ ወደ ከተማ በስምምነት ነው የሚጓዙት። ትልቁን ታክሲ «ቆጣሪ ክፈት» ማለት ከሌለው ነገር ቁረስልኝ እንደማለት ነው። የባንኮክ ቱክቱክ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው ዓይነት ባለሦስት እግር፣ እንዲሁ ቆጣሪ የለውም። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የድሮው የካይሮ ነገር ነው። ነጮቹ ባለ ቆጣሪ ታክሲዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ከመምጣታቸው በፊት፣ በጥቁርና ነጭ መኪኖቹ ላይ የነበረው ቆጣሪ ያረጀ ታሪፍ የሚቆጥር ጌጥ ነበር። የከተማው ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ አይከራከርም። ይሳፈራል፤ ሲወርድ የሚያውቀውን ሂሳብ በመስኮት ይሰጣል፤ ይሄዳል። «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እንግዳ መሆኑን በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነበር። እዚያ የሚሠራው ቆጣሪ ሰዉ ጭንቅላት ውስጥ የተሰካው ነበር።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እርስዎም ወንድምዎም አላነሳችሁትም፤ ለእርስዎ ጠባይ የሚስማማው ደግሞ እርሱ ነው። ብዙ ከተሞች ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ ቁርጥ ዋጋ አውጥተዋል። ፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቁርጥ አድርጋለች፤ ልዩነቱ ከየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንደተነሱና ሆቴልዎ ከሴን ወንዝ በየትኛው ዳር እንደሆነ ነው። በኒው ዮርክ ከኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ማንሃተን 70 ዶላር ነው፤ የመንገድ ክፍያና ጉርሻ ለብቻው። በዴልሂ ደግሞ ፖሊስ በሚቆጣጠረው መስኮት ቀርበው የሚሄዱበትን ይናገራሉ፤ ይከፍላሉ፤ ቁራጭ ወረቀት ይቀበላሉ። የዴልሂ ጥበብ ወረቀቷ ላይ ነው። ሾፌሩ ገንዘቡን የሚያገኘው ወረቀቷን ሲመልስ ስለሆነ፣ ሆቴሉ በር ላይ ሳይደርሱ ከእጅዎ አትውጣ። መሀል መንገድ ላይ «ወረቀቷን ልያት» ቢል «ስንደርስ» ይበሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በትሕትና ይሸነፋል።

ወደ ድርድር ልመለስ፤ ምክንያቱም አንድ ቀን መደራደርዎ አይቀርም። መጮኽ አያስፈልግም። የድምፅ መንቀጥቀጥም ዋጋ አይጨምርም፤ ዋጋ የሚጨምረው ለመግባት መቸኮል ነው። ሾፌሩ የጠራውን ይስሙ፤ የራስዎን ቁጥር አንዴ ይናገሩ፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ለእርስዎ ረጅም ይመስልዎታል፤ ለእርሱም ረጅም ነው። ካልሆነ አመስግነው ሁለት እርምጃ ይራቁ፤ ከጠራዎት ዋጋው ገና ነበረ፤ ካልጠራዎት የእርስዎ ቁጥር ዝቅ ብሏል ማለት ነውና ለሚቀጥለው ሾፌር ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ሁለቱም ትምህርት ነው። ቁጥሩን በስልክዎ ላይ ጽፈው ያሳዩ እንጂ በአፍ ብቻ አይተማመኑ፤ በማያውቁት ቋንቋ አሥራ አምስትና ሃምሳ መሳሳታቸው የታወቀ ነው።

ስምምነት ሲሉ ደግሞ የተሟላ ስምምነት ይሁን። ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመኪናው? ለመሄጃ ብቻ ነው? በየትኛው አገር ገንዘብ ነው? የክፍያ መንገድ (ገንዘብ ተከፍሎ የሚታለፍበት ማለቴ ነው) እና የሻንጣ ሂሳብ ተካትቷል? እነዚህን ሳይጠይቁ የተቆረጠ ዋጋ መድረሻ ላይ እንደገና ይበቅላል። ከራሴ ልናገር፤ አፍሬበት ስለኖርኩ። በአንድ ከተማ፣ ስሙ ይቅር፣ ከባለቤቴ ጋር ሆኜ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ተከራከርኩ። ልዩነቱ ዛሬ ሳሰላው ለአንድ ስኒ ሻይ የማይበቃ ነበር። አሸነፍኩ። ሾፌሩ በዝቅተኛ ዋጋ ተስማምቶ፣ መጀመሪያ ነዳጅ ሊሞላ ቆመ፤ ከዚያ አንድ ዘመዱን አሳፈረ፤ ከዚያ ከድልድዩ ወዲህ አውርዶን «በዚህ ዋጋ እስከዚህ ነው» አለ። ሻንጣውን ድልድዩን አሻግሬ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ እስከ ሆቴሉ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌር ፊቱ የጠቆረበትን ዋጋ አልስማማበትም። ደስ ብሎት የሚነዳ ሰው ሲያቋርጥም ሲዞርም አያታልልም ብዬ አልምልም፤ ተገድዶ የሚነዳ ግን የተሸነፈበትን የሚያስመልስበት ሌላ ቀዳዳ አያጣም።

አሁን ባንኮክ። እዚያ ደንቡ ቆጣሪ ነው፤ ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው። ቆጣሪ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የተራው ታክሲ መነሻ ያኔም 35 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ነበር፤ ዛሬም 35 ባህት ነው። ሠላሳ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ መነሻ! ይህንን የምነግርዎ ለማስደሰት ብቻ አይደለም፤ የሾፌሩን ፊት እንዲያነቡበት ነው። ብዙዎቹ መኪናውን በፈረቃ ተከራይተው ነው የሚሠሩት፤ ኪራዩንና ነዳጁን ሳይሸፍኑ የራሳቸው ገንዘብ የለም። ቆጣሪው ደግሞ መጨናነቅ ውስጥ ለቆመ ደቂቃ የሚከፍለው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሥራ መውጫ ሰዓት አንዱ ሾፌር እጁን አወዛውዞ «አልሄድም» ቢልዎት ስድብ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉና ቀጣዩን ይጥሩ። ሌላው ደግሞ ቆጣሪውን ትቶ ክብ ቁጥር ይጠራልዎታል። «ሚተር?» ይበሉት፤ ቆጣሪ ማለት ነው። ይህችን ቃል ሁሉም ያውቃታል፤ ድምፅዎ ቢንቀጠቀጥም ትሰማለች። «አይሆንም» ብሎ አንገቱን ከነቀነቀ ጨርሰዋል፤ አይከራከሩ፤ አይለማመጡ።

እዚህ ላይ የሚረዳዎ አንድ ልማድ ልንገርዎ። በትልልቅ ሆቴሎችና በጎብኚ መዳረሻዎች በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ የሚጠብቀው እንደ እርስዎ ያለውን እንግዳ ነው፤ ቆጣሪ መክፈት አይወድም። መንገድ ላይ እየሄደ ያለ፣ በፊት መስታወቱ ላይ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ቀይ መብራት ያበራው ግን ሠርቶ አዳሪ ነው። ሃምሳ እርምጃ ከበሩ ራቅ ብሎ የሚሄደውን ማስቆም ከመከራከር ይቀላል። እናትዎ መራመድ ካቃታቸው እርሳቸው ሆቴሉ ውስጥ ይቀመጡ፤ እርስዎ አስቁመው፣ ቆጣሪውን አስከፍተው በሩ ድረስ ያምጡላቸው።

ከሱቫርናፑም አውሮፕላን ማረፊያ ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ማዳም» እያለ የሚከተልዎትን ሰው አያዳምጡ። ወደ ምድር ቤቱ ይውረዱ፤ የታክሲ ተራ እዚያ ነው። ከማሽን ቁጥር ያለባት ወረቀት ይወጣልዎታል፤ በወረቀቷ ላይ ባለው ቁጥር ወደ ቆመው መኪና ይሄዳሉ። ወረቀቷን ለሾፌሩ አይስጡት፤ አቤቱታ ቢኖርዎ፣ ዕቃ ቢረሱ፣ የመኪናው መታወቂያ እርሷ ናት። ታክሲን የሚመለከት አቤቱታ የሚሰማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስልክ 1584 ነው። ሒሳቡ ላይ ከቆጣሪው በተጨማሪ 50 ባህት ይጠየቃሉ፤ ሕጋዊ የአውሮፕላን ማረፊያ ጭማሪ ስለሆነ አይደንግጡ። ሾፌሩ በክፍያ መንገድ ልሂድ ወይ ብሎ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ሂሳቡ የእርስዎ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስቡበት እል ነበር፤ የታመሙ እናት ይዘው ግን «አዎ» ይበሉ። ከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የባንኮክን መጨናነቅ ያላየ ሰው በመጽሐፍ አይረዳውም።

ስለ ቱክቱክ አጭር ልሁን፤ ለመዝናናት አንዴ ይቻላል፤ ለሕመምተኛ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን ርካሹን ይፍሩ። «ከተማውን በሙሉ በ20 ባህት አዞርዎታለሁ» ያለ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ከእርስዎ አይደለም፤ ከሚወስድዎት የጌጣጌጥ ወይም የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። «ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳይዎት» የሚለውም የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ጎብኚ የሚጎርፍበት የባንኮክ ታላቁ ቤተ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው።

እዚያ የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ግራብ ዋነኛው ነው። ዋጋውን መኪናው ሳይመጣ ያሳይዎታል፤ መድረሻውን እርስዎ ስለሚጽፉ የቋንቋ ጣጣ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ዋጋው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ተራው ታክሲ ሊረክስ ይችላል። ባይጠቀሙበት እንኳን ስልክዎ ላይ ይኑር፤ መኪና ሳያዝዙ መነሻና መድረሻ ጽፈው የሚያሳየውን ቁጥር ይዩ። ያ ቁጥር የእርስዎ እንግዳ ተቀባይ ነው። ከቆጣሪም ከድርድርም በፊት የመንገዱን ዋጋ ይነግርዎታል፤ አምስት ቀን መክረም ሳያስፈልግዎት ወንድምዎ በመመለሻው ቀን የቆመበት ቦታ ላይ ያቆምዎታል።

ሌላው በመሄጃዎ ሰሞን የሚያዘጋጁት ነው። የሆስፒታሉንና የሆቴሉን አድራሻ በታይ ፊደል የተጻፈ ይያዙ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን የማያነብ ሾፌር ብዙ ነው፤ ሆቴሉ ካርድ ይሰጥዎታል፤ ሆስፒታሉን በኢሜይል ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበል መኪና አላቸው ወይ ብለውም ይጠይቁ፤ ካላቸው የመጀመሪያውን ሌሊት ያስረክቧቸውና ቆጣሪን ለሁለተኛው ቀን ያቆዩ። የከተማውን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ መኪናው ሲሄድ ከፍተው ይያዙት። ሾፌሩ እንዲያይ ያድርጉ እንጂ አይደብቁት። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ገና ሳይጀመር የሚቀረው በዚህ ነው።

ገንዘብ ሲመነዝሩ ዝርዝር ይለምኑ። ባለ 1,000 ባህት ኖት ዘርግተው «መልስ የለኝም» ከተባሉ ሾፌሩ ዋሽቶም ላይሆን ይችላል፤ የሚጎዱት ግን እርስዎ ነዎት። ሲከፍሉ ኖቱን እያሳዩ ቁጥሩን ጮኽ ብለው ይጥሩ፤ ትልቁን ተቀብሎ ትንሽ ኖት እያሳየ «ይህንን ነው የሰጡኝ» የሚል በየአገሩ አለ። በቬትናም 20,000 ዶንግና 500,000 ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ እዚያ የሄደ ሰው ይህንን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የሚገዛው።

እርስዎ የጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ከሂሳቡ የበለጠ የከነከነዎት ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ መታለልዎ ሳይሆን ወንድምዎ ፊት መታለልዎ። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድመው ያድርጉ። ለጠቅላላው ጉዞ፣ በታክሲ ቢበሉብኝ አልቆጭም የሚሉትን መጠን ወስነው በፖስታ ለብቻ ያስቀምጡ። አንዱ ሾፌር ዙሮ ቢያስከፍልዎት ከዚያ ፖስታ ያውጡና ይዝጉት። እናትዎ ከምርመራ ወጥተው ደክመው አጠገብዎ ተቀምጠው፣ እርስዎ በሦስት ባህት ክርክር ፊትዎ ቀልቶ ሲያዩ የሚሰማቸውን ፖስታው አይከፍለውም። ከመጠን ያለፈ ከሆነ ግን ታርጋውን ፎቶ ያንሱ፣ ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ይግቡ፣ እንግዳ ተቀባዩን ይጥሩ። ሾፌሩ ከእርስዎ ጋር ሊጮኽ ይችላል፤ በቋንቋው ከሚያናግረው ሰው ጋር ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ሲሳፈሩም መድኃኒቱና ሰነዱ ያለበት ቦርሳ ከኋላ ዕቃ መጫኛው አይግባ፤ ጭንዎ ላይ ይሁን። ሲደርሱ ሻንጣዎቹ ወርደው እስኪያልቁ የእርስዎ በር ክፍት ይቆይ። እናትዎን ደግሞ ከኋላ በግራ በኩል ያስቀምጧቸው፤ በታይላንድ መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ በሩ የሚከፈተው ወደ እግረኛው መንገድ ነው፤ ሲወርዱ የሚመጣ ሞተር ብስክሌት አያስፈራቸውም።